ቢ.ፒ. ማለት ምን ማለት ነው? በካርድ ላይ ሌላ፣ በመድኃኒት ካርቶን ላይ ሌላ



በአማርኛ ስንጽፍ ቃላትን ማሳጠር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ አንዱ አጭር ጽሑፍ ሁልጊዜ አንድ ትርጉም ብቻ አለው ማለት አይደለም። «ወ/ማርያም» የሚል ስም ብቻውን ተጽፎ ብናገኝ ወልደ ማርያም ይሁን ወለተ ማርያም፣ ማለትም ባለ ስሙ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከጽሑፉ ብቻ ማወቅ አንችልም። «ደ/ታቦር» ደብረ ታቦር ነው፤ «ደ/ወሎ» ግን ደቡብ ወሎ ነው። የደሴ ሰው «ደ/ወሎ» የሚለውን አይቶ «ደብረ ወሎ» ብሎ አያነብም። ለምን ቢባል አገሩን ስለሚያውቅ ነው። ፊደሉ ያልነገረውን እውቀቱ ይነግረዋል።

ችግር የሚመጣው አጭሩ ጽሑፍ ከውጭ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ትርጉሙን የምንፈታበት ቁልፍ በእጃችን ላይኖር ይችላል። ወደ ክሊኒካችን የሚመጡ ባለትዳሮች በካርዳቸው ላይ በላቲን ፊደል ተጽፎ ከሚያዩዋቸው አጫጭር ጽሑፎች አንዱ «ቢ.ፒ.» ነው። ቤታቸው ገብተው የመድኃኒት ካርቶን ሲያነሡም እነዚያኑ ሁለት ፊደላት ያገኛሉ። ፊደሎቹ አንድ ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሁለቱን ማሳሳት ጤናን ሊጎዳ ስለሚችል በዚህ እትም ጉዳዩን በዝርዝር እንመለከታለን።

ከክሊኒክ ውጭ ያሉት ትርጉሞች

እነዚህ ሁለት ፊደላት በዓለም ላይ ብዙ ባለቤቶች አሏቸው።

ስለ ነዳጅ በሚወራበት ቦታ ቢ.ፒ. የታወቀ የእንግሊዝ ኩባንያ ስም ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲቋቋም ስሙ የአንግሎ ፐርሺያ የነዳጅ ኩባንያ ነበር። በ1954 ብሪቲሽ ፔትሮሊየም ተባለ። ከ2001 ወዲህ ደግሞ በሁለቱ ፊደላት ብቻ ይጠራል።

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ እነዚህን ፊደላት በጭነት ወረቀቶች ራስጌ ላይ ያያቸዋል። እዚያ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለሆነ ትርጉማቸው የፖስታ ሣጥን ማለት ነው። እኛ «ፖ.ሣ.ቁ.» ብለን የምንጽፈው ነው።

በንጉሡ ዘመን ስካውት የነበሩ አባቶች ቢ.ፒ. ሲባል የስካውትን እንቅስቃሴ የመሠረቱትን እንግሊዛዊ ባደን ፓወልን ያስታውሱ ይሆናል። «ዝግጁ ሁን» የሚለው የስካውቶች መፈክርም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የሚጀምረው በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ነው።

የጥንት ዘመን ተመራማሪዎች ደግሞ የአንድን ቅሪት ዕድሜ ሲጽፉ «ከአሁን በፊት» ለማለት ይጠቀሙባቸዋል። የሚገርመው በእነርሱ አቆጣጠር «አሁን» የሚባለው እ.ኤ.አ. 1950 መሆኑ ነው።

እነዚህን ትርጉሞች ያሳሳተ ሰው ቢበዛ ይሳቅበት ይሆናል እንጂ የሚደርስበት ጉዳት የለም። ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ውስጥ ያሉት ሁለት ትርጉሞች ግን እንዲህ አይደሉም።

ለማስረዳት ያህል

በኮምቦልቻ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት እናስብ። ባል ሹፌር ነው፤ ሚስት ሱቅ ትነግዳለች። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሦስተኛውን ለጊዜው ማቆየት ፈልገዋል። ሚስት የእርግዝና መከላከያ ክኒን ለመጀመር ወደ ክሊኒክ ትሄዳለች። ነርሷ ክንዷን አስራ ትለካታለች። «ቢ.ፒ. 150/95» ብላ በካርዱ ላይ ትጽፍና እንዲህ ትላታለች፦ «እህቴ፣ ቢ.ፒ.ሽ ከፍ ብሏል። ለዛሬ ይህን ክኒን አልሰጥሽም። ለጊዜው ኮንዶም ያዙና በሳምንቱ ተመልሰሽ ነይ፤ እንደገና እንለካሻለን።»

ሚስት ቤቷ ገብታ የሆነውን ለባሏ ትነግረዋለች። ባል ካርዱን አገላብጦ ያያል። ከዚያም መደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ መካከል ለልጆቹ ትኩሳት የተገዛውን ፓራሲታሞል ያነሣል። በካርቶኑ ላይ «ፓራሲታሞል ቢ.ፒ. 500 ሚ.ግ.» የሚል ተጽፏል።

«አንቺ፣ ይኸው እኮ የቢ.ፒ. መድኃኒት ቤታችን አለ! ምን አመላለሰሽ?»

«ሲስተር ያለችኝ ይህንኑ ይሆን?»

«አንብቢው እንጂ፤ ተጽፎ የለም እንዴ!»

ሰውየው ማንበብ ችሏል፤ ያነበበውም በትክክል ተጽፏል። ነገር ግን አንድ ነገር ተሳስቷል። በካርዱ ላይ ያለው ቢ.ፒ. እና በካርቶኑ ላይ ያለው ቢ.ፒ. የተለያዩ ናቸው።

ስሕተቱ በተቃራኒውም ሊመጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ደም ማነስ ተገኝቶባት የብረት ክኒን ይሰጣታል እንበል። በካርቶኑ ላይ «ፌረስ ሰልፌት ቢ.ፒ.» ይላል። ይህን ያየ የቤተሰብ አባል «ደም አንሶሻል ብለው የደም ብዛት መድኃኒት እንዴት ይሰጡሻል?» ብሎ ክኒኑን ቢያስጥላት፣ እናትየዋ የሚያስፈልጋትን መድኃኒት ሳትወስድ ትቀራለች ማለት ነው።

በመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለው ቢ.ፒ.

በመድኃኒት ስም አጠገብ የሚጻፈው ቢ.ፒ. «የብሪታንያ የመድኃኒት መጽሐፍ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ሲያጥር ነው። ይህ መጽሐፍ የእያንዳንዱ መድኃኒት ጥራት በምን እንደሚለካ የሚደነግግ ነው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1864 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለንደን፣ ኤዲንብራና ደብሊን ለየራሳቸው ይጠቀሙበት የነበረውን ሦስት መጽሐፍ ወደ አንድ ያመጣ ነው።

ለምሳሌ በዚህ መጽሐፍ መሠረት 500 ሚ.ግ. ተብሎ የተጻፈበት የፓራሲታሞል ክኒን ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት ከተባለው መጠን ከ95 እስከ 105 በመቶ መሆን አለበት። ይኸውም ከ475 እስከ 525 ሚ.ግ. ማለት ነው። ክኒኑ በውኃ ውስጥ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሟሟና ባዕድ ነገር እንዳይቀላቀልበት እንዴት እንደሚመረመርም ይደነግጋል። ስለዚህ አምራቹ ቢ.ፒ. ብሎ ሲጽፍ «መድኃኒቱን የሠራሁት በዚያ መጽሐፍ ደረጃ ነው» ማለቱ ነው።

በሌሎች ካርቶኖች ላይ «ዩ.ኤስ.ፒ.» ወይም «አይ.ፒ.» ተጽፎ እናገኛለን። የመጀመሪያው የአሜሪካ፣ ሁለተኛው የሕንድ የመድኃኒት መጽሐፍ ነው። የአሜሪካው እ.ኤ.አ. ከ1820፣ የሕንዱ ከ1955 ጀምሮ የሚታተሙ ናቸው። በአገራችን መድኃኒት ቤቶች ከሕንድ የመጡ መድኃኒቶች ብዙ በመሆናቸው ሦስቱንም ዓይነት ማየት የተለመደ ነው።

ከዚህ የምንረዳው በካርቶን ላይ ያለው ቢ.ፒ. መድኃኒቱ ለምን ሕመም እንደሚሰጥ ምንም እንደማይናገር ነው። የትኩሳት መድኃኒትም፣ የብረት ክኒንም፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም ቢ.ፒ. ሊጻፍባቸው ይችላል። ከዚህም አልፎ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰዱት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ቢ.ፒ. ሊጻፍባቸው ሲችል፣ የደም ግፊትን ግን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለሆነም ፊደሉን ብቻ አይቶ «ለቢ.ፒ.ዬ» ብሎ የዋጠ ሰው ሊያወርደው ያሰበውን ግፊት ሊያወጣው ይችላል።

በካርቶን ላይ ማንበብ ያለብን ሦስት ነገር ነው፦ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና አገልግሎቱ የሚያበቃበትን ጊዜ። ስለ ጊዜው አንድ ማሳሰቢያ አለን። በካርቶን ላይ የሚጻፈው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «06/2024» የሚል ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2016 ዓ.ም. አካባቢ ያበቃል ማለት ነው። ይህንኑ በእኛ አቆጣጠር «የካቲት 2024» ብሎ ያነበበ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ገና ለዓመታት ይቆያል ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የሚወስዱ እናቶች ይህን በተለይ ልብ እንዲሉት ያስፈልጋል።

በካርድ ላይ ያለው ቢ.ፒ.

በክሊኒክ ካርድ ላይ የሚጻፈው ቢ.ፒ. የደም ግፊት ማለት ነው። ልብ ደምን ስትረጭ ደሙ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የደም ግፊት ይባላል። በቧንቧ ውስጥ የሚሄድ ውኃ ቧንቧውን እንደሚገፋው ያለ ነው።

ቁጥሮቹ ሁለት ናቸው። 120/80 ቢባል 120 ልብ ተኮማትራ ደም በምትረጭበት ጊዜ ያለው ግፊት ነው። 80 ደግሞ ልብ ዘና ብላ በምትሞላበት ጊዜ ያለው ነው። መለኪያው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ይኸውም ግፊቱ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ያለን ሜርኩሪ 120 ሚሊ ሜትር፣ ማለት 12 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍ ያደርጋል ለማለት ነው።

በክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቁት ሪቫ ሮቺ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪም ናቸው። በ1905 ደግሞ ኮሮትኮፍ የተባሉ ሩሲያዊ ሐኪም በማዳመጫ ድምፁን እየሰሙ ሁለቱንም ቁጥር የማግኛውን ዘዴ ገለጹ። ዛሬም በማዳመጫ የሚለካ ነርስ የሚጠቀመው በእርሳቸው ዘዴ ነው።

ይህ መለኪያ በሁሉም አገር ቢ.ፒ. ተብሎ አይጻፍም። በጀርመን አገር ለጣሊያናዊው ሐኪም መታሰቢያ በስማቸው መነሻ ፊደላት «አር.አር.» ተብሎ ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ ግን አር.አር. የትንፋሽ ብዛት ነው። በፈረንሳይኛ «ቲ.ኤ.» ይባላል፤ በሊባኖስም በፈረንሳይኛ የሚጽፉ ሐኪሞች አሉ። እንዲህ ባለው ቦታ ቁጥሩ በሳንቲ ሜትር ተቈጥሮ «14/9» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህ 140/90 ማለት ነው። ከወሎ ወደ ቤይሩት ለሥራ ሄደው የተመለሱ እኅቶች ብዙ ናቸውና የሕክምና ወረቀት ይዘው የመጡ ካሉ ለነርሷ ቢያሳዩ መልካም ነው።

ስለ «ደም ብዛት» አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ሰው ከፍተኛ የደም ግፊትን «ደም ብዛት» ይለዋል። ስሙ የቆየና ሁሉም የሚግባባበት ነው። ሆኖም ደም ብዛት የደም ማነስ ተቃራኒ ይመስላል፤ አይደለም። ደም ማነስ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ ነገር ማነስ ነው። ደም ብዛት ደግሞ የግፊት መጨመር ነው። አንድ ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት ይችላሉ። በመሆኑም «ደም ብዛት አለብኝና ደም ማነስ ሊይዘኝ አይችልም» ማለት ስሕተት ነው።

ቤተሰብ ለመመጠን የመጣን ሰው ስለ ምን እንለካለን?

«እኔ የመጣሁት ለመከላከያ ነው፤ ክንዴን ማሰር ምን አመጣው?» ብለው የሚጠይቁ ደንበኞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

በብዛት የሚወሰደው የእርግዝና መከላከያ ክኒን ሁለት ሆርሞኖች አሉት። አንዱ ኤስትሮጅን ይባላል። ኤስትሮጅን ጉበት የደም ግፊትን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር መነሻ የሆነውን ፕሮቲን በብዛት እንዲያመርት ያደርጋል። ብዙዎቹ ሴቶች በዚህ ምክንያት ችግር አይገጥማቸውም። ቀድሞውኑ ግፊታቸው ከፍ ላለ ሴቶች ግን ይህን ክኒን መውሰድ በአንጎል ውስጥ ደም የመፍሰስ ወይም የመርጋት (ስትሮክ) እና የልብ ሕመም አደጋን ይጨምራል።

በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ምርጫው በአጭሩ እንዲህ ነው፦

– ግፊቷ ከ140/90 በታች የሆነና ሌላ የጤና ችግር የሌለባት ሴት ከሁሉም ዘዴዎች የምትፈልገውን መምረጥ ትችላለች።

– ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ እንኳ 140 ወይም 90 የደረሰ ከሆነ ሁለት ሆርሞን ያለው ክኒን አይመረጥላትም። ግፊቱ በመድኃኒት ቢስተካከልም እንኳ ይህ ክኒን በአብዛኛው አይመከርም።

– ከሁለቱ አንዱ 160 ወይም 100 ከደረሰ ሁለት ሆርሞን ያለው ክኒን ፈጽሞ አይሰጥም። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌም በአብዛኛው አይመረጥም።

– አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው ክኒንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ግፊት ላለባቸውም ሊሰጡ ይችላሉ። ሉፕ (ባለ መዳብ) ምንም ሆርሞን ስለሌለው ከግፊት ጋር ጠብ የለውም። ኮንዶምም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ «ግፊት አለብሽ» መባል «መከላከያ አይፈቀድልሽም» መባል አይደለም። እንዲያውም ግፊት ላለባት ሴት ሳይታሰብ የሚመጣ እርግዝና ከብዙዎቹ የመከላከያ ዘዴዎች የበለጠ አደገኛ ነው። የሚያስፈልገው ዘዴውን መቀየር ነው እንጂ መተው አይደለም።

በእርግዝና ጊዜ

ቢ.ፒ. በእርግዝና ካርድ ላይም በየቀጠሮው ይጻፋል። ከአምስተኛው ወር በኋላ ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲሆንና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መፍዘዝ፣ ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። ሕመሙ ከበረታ እናትየዋን ያንቀጠቅጣታል፤ የእናትንና የልጅን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ከደም መፍሰስ ጋር በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። እነዚህ ምልክቶች የታዩባትን እናት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። ለደም ግፊት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል እንደ ኢናላፕሪል ያሉት በማኅፀን ያለውን ልጅ ይጎዳሉ። ስለሆነም የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ሴት ልጅ ለመውለድ ስታስብ አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀይርላታል። በራሷ ፈቃድ ማቋረጥ ግን የለባትም።

ትክክለኛ ልክ እንዲገኝ

አንድ ጊዜ ተለክቶ ከፍ ብሎ የተገኘ ግፊት ሁሉ ሕመም ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ነርሷ «ተመልሰሽ ነይ» የምትለው።

ደሴ የዳገት ከተማ ናት። ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጦሳ ወገብ ዳገት የወጣ ሰው ወዲያው ቢለካ ግፊቱ ከፍ ይላል። የተቻኮለ፣ የተጨነቀ፣ የበረደውም እንዲሁ ነው። በመሆኑም ከመለካታችሁ በፊት ቢያንስ አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ ዕረፉ። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና አትጠጡ፤ ሲጋራ አታጭሱ። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ ከበርጫ ተነሥቶ ለመለካት መምጣት ትክክለኛውን ልክ አያሳይም። ጫት ቅማችሁ ከሆነ ሳታፍሩ ለነርሷ ንገሩ።

ሽንት ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ተወጡት። ስትቀመጡ ጀርባችሁን አስደግፉ፤ እግራችሁን አታነባብሩ። ብርድ ነው ብሎ በሹራብ ላይ ማሳሰር ወይም የጠበበ እጅጌ ወደ ላይ ሰብስቦ ክንድን ማነቅ ልኩን ያበላሻል። ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይረፍ። በሚለካበት ጊዜ አታውሩ።

በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ከፍተኛ የደም ግፊት አለ ይባላል። ግፊቱ 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ካለበት ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው።

«ራሴን አላመመኝም፤ ግፊት የለብኝም» የሚል አባባል ብዙ ይሰማል። ከፍተኛ የደም ግፊት በአብዛኛው ምንም ምልክት የለውም። ያለ መለኪያ አይታወቅም። ነጭ ሽንኩርት መብላት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አይተካም። ጨው መቀነስ በእርግጥ ይረዳል። ለአንድ ሰው በቀን ከሚበላው ምግብ ሁሉ የሚገባው ጨው ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ (5 ግራም) እንዳይበልጥ ይመከራል።

ለባሎች አንድ ቃል

ሚስቱን አጅቦ የሚመጣ ባል ውጭ ሆኖ ከሚጠብቅ ገብቶ እርሱም ቢለካ ይሻላል። ረጅም መንገድ የሚነዱ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ጫት የሚያዘወትሩ ሰዎች በተለይ መለካት ይገባቸዋል። ሚስት በግፊት ምክንያት ክኒን መውሰድ ካልቻለችም ዘዴውን የመምረጡ ጉዳይ የእርሷ ብቻ አይደለም። ኮንዶም አለ፤ መውለድ በቃን ብለው ለወሰኑ ደግሞ የወንድ ዘር መተላለፊያን በቀላል ቀዶ ሕክምና መዝጋት ይቻላል።

ያልገባንን እንጠይቅ

ወደ ኮምቦልቻዎቹ ባልና ሚስት እንመለስ። ሚስት ፓራሲታሞሉን ከመዋጧ በፊት ካርዱንም ካርቶኑንም ይዛ በሳምንቱ ተመለሰች እንበል። ባልም ከጅቡቲ ተመልሶ ስለነበር አብሯት መጣ። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «ሲስተር፣ ይህ ቢ.ፒ. እና ያ ቢ.ፒ. አንድ ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ነርሷ አስረዳቻቸው። ዐርፋ ስትለካ ግፊቷ 148/94 ሆነ። በቆዳ ሥር የሚቀበረውን መረጠች፤ ስለ ግፊቷም ሐኪም እንዲያያት ወረቀት ተጻፈላት። ባልም ክንዱን ሰጠ። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ጥያቄ ነው።

በካርዳችሁ ላይ ያለ ማንኛውም አጭር ጽሑፍ የእናንተ ጉዳይ ነው። «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለማወቅን መግለጥ አይደለም። ሐኪሙ ራሱ በማያውቀው ሙያ ውስጥ ያለ አጭር ጽሑፍ ቢያይ ይጠይቃል። ከፈለጋችሁ ነርሷ «ቢ.ፒ.» በሚለው አጠገብ «የደም ግፊት» ብላ በአማርኛ እንድትጽፍላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት ስትገዙም «ይህ ለምን ሕመም ነው? እንዴት ይወሰዳል? መቼ ያበቃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለማስታወስ ያህል፦ በካርድ ላይ ከቁጥር ጋር የተጻፈ ቢ.ፒ. ስለ ሰውነታችሁ ይናገራል። በካርቶን ላይ ከመድኃኒት ስም ጋር የተጻፈ ቢ.ፒ. ስለ ክኒኑ ጥራት ይናገራል። አንዱ ለሌላው መድኃኒት አይደለም።

በሚቀጥለው ቀጠሮአችሁ ካርዳችሁን ይዛችሁ፣ ተጣምራችሁ ኑ።